ጣራ የሌለው ቤተ ክርስቲያን ምን ይጠይቀናል?



አንድ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ የማይቀደስበት፣ ደወል የማይደወልበት፣ ጣራው ተገፎ ግድግዳው ብቻ የቆመ ፍርስራሽ በሚሆንበት ጊዜ ድንጋዩ ምንድር ነው? እንደ ማንኛውም ድንጋይ ተነቅሎ ለሌላ ሥራ የሚውል ዕቃ ነውን? ወይስ አንድ ጊዜ ለእግዚአብሔር የተሰጠ በመሆኑ እስከ ዓለም ፍጻሜ እጅ ሊነካው የማይገባ ነገር ነውን? ወይስ ከሁለቱም የተለየ ሌላ ስም ሊሰጠው ይገባል? ይህ ጥያቄ የሕንፃ ባለ ሙያዎችና የታሪክ ጸሐፊዎች ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። እኔም ቀድሞ እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። በአገልግሎቴ የመጀመሪያ ዓመታት በሠራሁት አንድ ስሕተት ምክንያት ግን የሕሊና ጥያቄ መሆኑን ተረዳሁ።

ክህነት ከተቀበልኩ ብዙም ሳይቆይ በተመደብኩባት አንዲት የገጠር ቁምስና አዲስ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ ነበር። ከአዲሱ ሕንፃ ጀርባ የመጀመሪያዎቹ ምእመናን በድንጋይና በጭቃ የሠሩት ትንሽ ጸሎት ቤት ቆሞ ነበር። ቆርቆሮው ተነሥቶ ለሌላ ሥራ ስለ ዋለ ግድግዳው ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቁበት ነበር። በዚያው ጊዜ ለትምህርት ቤቱ ልጆች መጸዳጃ ቤት ለመሥራት ለመሠረቱ የሚሆን ድንጋይ አስፈለገ። ድንጋይ ከሩቅ በመኪና ለማስጫን ደግሞ ገንዘብ አልነበረም። የሥራው ኮሚቴ ወደ እኔ መጥቶ፣ «አባ፣ ያ አሮጌ ግድግዳ ዝም ብሎ ከሚወድቅ ድንጋዩን ብንወስደውስ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ሁለት ጊዜ ሳላስብ «ውሰዱ» አልኩ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት በምርኩዝ እየተደገፉ መጡ። ሠራተኞቹ ድንጋይ ሲነቅሉ ጥቂት ቆመው ከተመለከቱ በኋላ ወደ እኔ ዞረው፣ «አባ፣ ይህን ድንጋይ ማን እንዳመጣው ያውቃሉ?» አሉኝ። «አላውቅም፣ እማማ» አልኳቸው። «እኔ ነኝ። ልጅ ሳለሁ ከእናቴ ጋር ከወንዙ እስከዚህ ድረስ በጀርባችን ተሸክመን ነው ያመጣነው። ለልጆቹ ይሁን ቢሉኝ ኖሮ እምቢ አልልም ነበር፤ ለክፍላቸው ግድግዳ ቢሆን እኔው ራሴ ቆሜ አስጭንልዎት ነበር። አሁን ግን መጸዳጃ ነው የሚሉት፤ የጠየቀኝም ሰው የለም» ብለው የቀረውን ግድግዳ ተሳልመው ሄዱ። አልተቆጡም፤ አላለቀሱም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

የምሰጣቸው መልስ አልነበረኝም። በዘርአ ክህነት የተማርኩትን ሁሉ በልቤ አሰላሰልኩ፤ እግዚአብሔር በሰው እጅ በተሠራ ቤት እንደማይወሰን፣ እውነተኛው ቤተ መቅደስ የክርስቶስ አካል እንደ ሆነ፣ ምእመናን ራሳቸው ሕያዋን ድንጋዮች እንደ ሆኑ አውቅ ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም ለእኚያ እናት ጥያቄ መልስ አልሆነልኝም።

የፋውንተንስ ገዳም

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለትምህርት በአውሮጳ ሳለሁ በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሻየር፣ ከሪፖን ከተማ አቅራቢያ የሚገኘውን የፋውንተንስ ገዳም ፍርስራሽ የማየት ዕድል አገኘሁ። ያ የተወዘፈ ጥያቄ እንደገና የተነሣብኝ እዚያ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በ1132 ዓ.ም. በዮርክ ከተማ ከነበረው የቅድስት ማርያም ገዳም 13 መነኮሳት የቅዱስ ቤነዲክቶስን ሥርዓት ሳያላሉ ለመኖር ፈልገው ወጡ። የዮርክ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ተርስታን ስኬል በሚባለው ትንሽ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ማንም ያልሰፈረበትን መሬት ሰጣቸው። የመጀመሪያውን ክረምት በዛፍና በቋጥኝ ጥላ ሥር ተጠልለው አሳለፉት። ከዚያም ራሳቸውን ለክለርቮው አበምኔት ለቅዱስ በርናርዶስ ሰጡ፤ እርሱም በ1098 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በሲቶ የተጀመረውን የሲታውያን ሥርዓት የሚያስተምራቸው አንድ አረጋዊ መነኩሴ ላከላቸው። ይህ የመነኮሳት ቤተሰብ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያና የኤርትራ ወጣቶች በጣልያን አገር በካዛማሪ ገዳም በዚሁ ሥርዓት ተኮትኩተው አድገው ምንኩስናውን ወደ ምድራችን አምጥተዋል።

ገዳሙ ራሱ ያቆየው የምሥረታ ታሪክ አንድ ነገር ይተርካል። በችግሩ ጊዜ አንድ ድኻ ወደ በሩ መጥቶ ዳቦ ለመነ። በቤቱ የነበረው ለመነኮሳቱ ሁሉ ሁለት ዳቦ ተኩል ብቻ ነበር። አበምኔቱ ግን አንዱን ለድኻው እንዲሰጡት አዘዘ። ብዙም ሳይቆይ ከአካባቢው ቤተ መንግሥት የተላከ ዳቦ የጫነ ጋሪ ከበሩ ደረሰ ይባላል። አንባቢ ይህን ታሪክ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁና።

ገዳሙ በ12ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአንድ የሊቀ ጳጳስ ምርጫ ምክንያት በተነሣ ጠብ ተቃጥሎ እንደገና ተሠራ። ዛሬ የሚታየው የቤተ ክርስቲያኑ ዋና ክፍል ከዚያ ጊዜ ወዲህ የቆመ ነው። ርዝመቱ ከ100 ሜትር ይበልጣል። በግራና በቀኝ ወፋፍራም ክብ ዓምዶች ተሰልፈዋል፤ በዓምዶቹ ላይ ያሉት ቅስቶች ጫፋቸው የሾለ ሲሆን ከበላይ ያሉት መስኮቶች ግን ገና ክብ ናቸው፤ አሮጌውና አዲሱ የአሠራር ዘዴ በአንድ ግድግዳ ላይ ተገናኝተዋል ማለት ነው። ሲታውያን በመጀመሪያው ዘመናቸው ከሥዕልና ከጌጥ ስለ ራቁ የቤቱ ውበት ከልኩና ከብርሃኑ ብቻ የሚመጣ ነው። በምሥራቅ በኩል ብዙ ካህናት በየመንበሩ እንዲቀድሱ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው ባለ ዘጠኝ መንበረ ታቦት ክፍል አለ።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የነካኝ ግን በምዕራብ በኩል ያለው 90 ሜትር ያህል የሚረዝመው አዳራሽ ነው። ጣራው በድንጋይ ቅስት የተሸፈነ ሲሆን፣ ቅስቶቹ ከመካከለኛዎቹ ዓምዶች እንደ ዘንባባ ዝንጣፊ ይዘረጋሉ። የደቡብ ጫፉ ከወንዙ በላይ የተሠራ ስለ ሆነ ውኃው ከሥሩ ያልፋል። ከዚያ በታች ረድእ ወንድሞች ይመገቡ ነበር፤ ከላዩ ይተኙ ነበር። እነዚህ ወንድሞች አብዛኞቹ ማንበብና መጻፍ የማያውቁ ገበሬዎች፣ እረኞች፣ ድንጋይ ጠራቢዎች ነበሩ። በጎቹን የጠበቁ፣ እርሻውን ያረሱ፣ ድንጋዩን የተሸከሙ እነርሱ ናቸው። ከመካከላቸው ስሙ የታወቀልን ጥቂቱ ነው። በዚያ አዳራሽ ስመላለስ እኚያ እናት በጀርባቸው የተሸከሙት ድንጋይ ታወሰኝ።

ሀብትና ውድቀት

የፋውንተንስ ታሪክ የቅድስና ታሪክ ብቻ አይደለም። በድኽነት የተጀመረው ቤት በሱፍ ንግድ ከእንግሊዝ ባለጸጋ ገዳማት አንዱ ሆነ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገና ያልተሸለተውን ሱፍ ለጣልያን ነጋዴዎች አስቀድሞ በመሸጥ ከከባድ ዕዳ ውስጥ ገባ። የሲታውያን ጉባኤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ከፍ ያለ የድንጋይ ደወል ቤት እንዳይሠራ ከልክሎ ሳለ፣ ከ1495 እስከ 1526 ዓ.ም. አበምኔት የነበረው ማርማዱክ ኸቢ 50 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን ግንብ አሠራ። በቤተ ክርስቲያኑ መካከል ግንብ ለማቆም ቢሞከርም መሠረቱ ሊሸከመው ስላልቻለ ግንቡ በሰሜን በኩል ተሠራ። እነሆ፣ ዛሬ ከፍርስራሹ ሁሉ ጎልቶ የሚታየው ሥርዓቱን የጣሰው ይህ ግንብ ነው።

ከዚያ ፍርዱ መጣ። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ከ1536 ዓ.ም. ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ የነበሩትን ወደ 800 የሚጠጉ የምንኩስና ቤቶች በአራት ዓመት ውስጥ ዘጋ። የፋውንተንስ አበምኔት የነበረው ዊልያም ተርስክ ሥልጣኑን እንዲለቅ ከተገደደ በኋላ በሰሜን አገር በተነሣው ዓመፅ ተካፍሏል ተብሎ በ1537 ዓ.ም. በለንደን ተሰቀለ። በእርሱ ቦታ የተተካው ማርማዱክ ብራድሊ በኅዳር ወር 1539 ዓ.ም. ከሠላሳ ያህል መነኮሳት ጋር ገዳሙን ለንጉሡ አስረክቦ በየዓመቱ 100 ፓውንድ ጡረታ ተቆረጠለት። በአንዲት ቤት ሁለት አበምኔቶች፣ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ የተለያየ ፍጻሜ አገኙ።

የጣራው እርሳስ ተገፈፈ፤ መስታወቱ ወጣ፤ ደወሎቹ ወረዱ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የየድርሻውን ወሰደ። ንጉሡ ቦታውን ለአንድ የለንደን ባለጸጋ ሸጠው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንድ ባለቤት በዚያው ድንጋይ ከገዳሙ አጠገብ የራሱን ትልቅ መኖሪያ ቤት ሠራበት። በ1760ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የጎረቤቱ ርስት ጌታ ዊልያም አይዝላቢ ፍርስራሹን ገዝቶ ለመናፈሻው ማማሪያ አደረገው፤ እንግዶቹ በአትክልቱ ውስጥ ሲዘዋወሩ በድንገት የሚያዩት ትዕይንት ሆነ። በመጨረሻም በ1983 ዓ.ም. ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት ተረከበው፤ በ1986 ዓ.ም. ከመናፈሻው ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ።

የዛሬው ጥበቃ ምን እንደሚመስል ማወቅ ለጥያቄያችን ይረዳል። ጠባቂዎቹ ጣራ አያለብሱም፤ የጎደለውን ቅስት እንደ አዲስ አያቆሙም። በግድግዳው ጫፍ ውኃ እንዳይገባ ይሸፍናሉ፤ በስንጥቁ የበቀለውን ሥር ይነቅላሉ፤ የተበላውን መያዣ ድንጋዩን በሚጎዳ ሲሚንቶ ሳይሆን በኖራ ይተካሉ። ይኸውም የወደቀውን ለማንሣት ሳይሆን የቆመው እንዳይወድቅ ለማድረግ ነው። ሥራው ማለቂያ የለውም፤ ዝናቡና ውርጩ በየዓመቱ ይመለሳሉና።

ሦስት መልሶች

እንግዲህ ሰዎች ለዚያ ፍርስራሽ ሦስት መልስ ሰጥተዋል። የመጀመሪያው፣ «ድንጋይ ድንጋይ ነው፤ የሚፈልገው ይውሰደው» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «ለዓይን ያማረ ነገር ነውና እንየው፣ እንደሰትበት» የሚል ነው። ሦስተኛው፣ «ከእኛ በፊት የነበሩት ትተውልን ከእኛ በኋላ ለሚመጡት የምናስተላልፈው ነው» የሚል ነው። ለዚህ ለሦስተኛው በቋንቋችን ከማንኛውም የውጭ ቃል የሚበልጥ ቃል አለን፤ እርሱም አደራ ነው።

አደራ የራስ ሀብት አይደለም፤ የተቀበለው ሰው እንደ ፈቀደ አያደርገውም። አደራ ጣዖትም አይደለም፤ በራሱ አይመለክም። ክብሩ የሚመጣው ከሰጪው ነው። ለልጁ ማሳደጊያ ገንዘብ ተቀብሎ ያስቀመጠ ሰው ልጁ ታሞ ሳለ «ገንዘቡን አልነካም» ቢል አደራውን አልጠበቀም፤ ለራሱ ቢጠጣበትም አልጠበቀም። የአደራ ሕግ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ለተሰጠበት ዓላማ እንዲውል፣ ደግሞም ለሰጪው መልስ እንዲሰጥበት።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። «የሰው ልጅ ተርቦ ሳለ ስለ ድንጋይ ማሰብ ምን ይጠቅማል? ለፍርስራሽ ጥበቃ የሚወጣው ገንዘብ ለድኾች ቢሰጥ አይሻልምን?» የሚል ነው። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ራሷ እንዲህ ያደረገችበት ጊዜ አለና። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የሚላኖ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ አምብሮስዮስ በጦርነት የተማረኩ ሰዎችን ለመዋጀት የቤተ ክርስቲያኑን የተቀደሱ ዕቃዎች አስቀልጦ ዋጋውን ከፍሏል። ሄንሪ 8ኛም የገዳማቱን ዕቃ አስቀልጧል። ታዲያ ሁለቱ በምን ይለያያሉ? እሳቱ አንድ ነው፤ የሚቀልጠውም የተቀደሰ ነገር ነው።

እኔ እንደማየው ልዩነቱ በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ አምብሮስዮስ ያቀለጠው ለሌላው ነጻነት ነው፤ ንጉሡ ግን ለራሱ ግምጃ ቤት። ሁለተኛ፣ ወርቁን የሰጡት ምእመናን የሰጡት ለክርስቶስ ነበር፤ የተማረከውም የክርስቶስ አካል ነው። ስለዚህ ስጦታው ከዓላማው አልወጣም። ሦስተኛ፣ አምብሮስዮስ ሲከሰስ አልተደበቀም፤ ያደረገውንና ያደረገበትን ምክንያት በግልጥ ተናገረ፤ በጽሑፍም አስቀመጠው። ይህን በማድረጉ መልስ የሚሰጥበት አደራ እንዳለበት አመነ ማለት ነው። የፋውንተንስ አበምኔት ከሁለት ዳቦ ተኩል አንዱን ለድኻው በሰጠ ጊዜ ያደረገው ይህንኑ ነው። ከዚያው ቤት በኋላ ዘመን ሱፍ አስቀድሞ ሲሸጥ የታጣውም ይኸው ነው።

አሁን የራሴ ጥፋት የት ላይ እንደ ነበረ ግልጥ ይሆናል። ጥፋቴ ድንጋዩ መነካቱ አልነበረም፤ ለልጆች መሆኑም ጥፋት አልነበረም። ሰጪዎቹን አለመጠየቄና ስጦታቸውን በሚያፍሩበት ቦታ ማዋሌ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሕግ ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። የ1983 ዓ.ም. የላቲን ሕገ ቀኖናም፣ የ1990 ዓ.ም. የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖናም ለአምልኮ የማይውልና ሊጠገን የማይችል ቤተ ክርስቲያን በጳጳሱ ውሳኔ ለሌላ ተግባር ሊውል እንደሚችል ይፈቅዳሉ፤ ነገር ግን ያ ተግባር ነውረኛ ወይም ክብረ ነክ እንዳይሆን ይከለክላሉ። ሕጉን በዘርአ ክህነት ተምሬዋለሁ፤ በተግባር ያስተማሩኝ ግን እኚያ እናት ናቸው። ሕጉ ድንጋዩ በራሱ ሕይወት አለው አይልም፤ ያለፈው ጸሎት አልነበረም እንደ ማለት የሚቆጠር ሥራ እንዳንሠራ ግን ይጠብቀናል።

ፍርስራሽ የሚከስሰው ማንን ነው?

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር ለእኛ ለካቶሊካውያን ይከብዳል፤ ሆኖም ዝም ብዬ ባልፈው አደራውን በግማሽ መጠበቅ ይሆንብኛል።

በፋውንተንስ የቆመ ካቶሊካዊ «ይህን ያደረጉብን ሌሎች ናቸው» ብሎ ማዘን ይቀለዋል። ይህም ከታሪኩ አንዱ ክፍል ነው። ግን በአገራችንም ፍርስራሽ አለ። በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በጥንቱ ጎርጎራ፣ ኢየሱሳውያን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያቆሙት ማርያም ግምብ የተባለ ቤተ ክርስቲያን ቅሪት ይገኛል። እርሱ የመካከለኛው ዘመን ሥራ ባይሆንም ጥያቄው አንድ ነው። በ1603 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው አባ ጴጥሮስ ፓኤዝ በትዕግሥትና በትሕትና ሰውን የሚቀርብ ሰው ነበር። እርሱ በ1622 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን የሌላውን መንገድ ያዘ። ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲካኑ፣ አጽዋማትና በዓላት በላቲን ሥርዓት እንዲለወጡ በንጉሥ ክንድ ተደገፈ። ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ ሕዝቡ ወደ ቀደመው ሃይማኖቱ እንዲመለስ ዐውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ኢየሱሳውያኑም ከአገር ወጡ።

እንግዲህ የፋውንተንስ ግድግዳ ሌሎች በእኛ ላይ ያደረጉትን ሲያሳየን፣ የጎርጎራ ግድግዳ የእኛ ወገኖች በወንድሞቻችን ሕሊና ላይ ያደረጉትን ያሳየናል። አንዱን ብቻ እያየ ሌላውን የሚዘልል ሰው ታሪክን አልጠበቀም፤ ቂምን ነው የጠበቀው። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በመጋቢት ወር 2000 ዓ.ም. በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ እውነትን ለማገልገል በሚል ግፍ የፈጸሙ የቤተ ክርስቲያን ልጆችን ኃጢአት በይፋ ተናዝዘው ይቅርታ ለምነዋል። አንድ ፍርስራሽ በሚገባ ሲጠበቅ ይህን ይሠራል፤ ለተጠቃውም ለበደለውም እውነቱን ይናገራል።

ለዚህ ነው ሁሉም ፍርስራሽ እንደገና መሠራት አለበት የማልለው። ምእመናን በዙሪያው ሲኖሩና የጸሎት ቤት ሲያጡ እንደ ነህምያ ተነሥቶ ቅጥሩን መሥራት ግዴታ ነው። ሕዝቡ በሌለበት ግን ቁስሉን አልብሶ ምንም እንዳልሆነ ማስመሰል እውነትን መሸፈን ሊሆን ይችላል። ጌታችን ከሙታን በተነሣ ጊዜ በክብር አካሉ ላይ የችንካሩን ምልክት አላጠፋም፤ ለቶማስም ያሳየው ያንኑ ነው። ቁስሉ ከእንግዲህ አይደማም፤ ግን ይታያል።

ከዚያው ከእንግሊዝ አገር አንድ ትንሽ ታሪክ ልጨምር። ከፋውንተንስ ሩቅ ባልሆነው በሪቮ ገዳም፣ መዝጊያው ሲፈጸም ከጣራው ቀልጦ የተጋገረ እርሳስ በወደቀ ግንብ ሥር ተቀብሮ ቀረ። ንጉሡ ሳይወስደው ወደ አራት መቶ ዓመት ያህል አለፈ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በቁፋሮ ተገኘ፤ በዮርክ ካቴድራል «አምስቱ እኅትማማቾች» የሚባለው ጥንታዊ መስኮት ሲታደስ መስታወቶቹን ለማያያዝ ዋለ። መስኮቱም በ1925 ዓ.ም. በአንደኛው የዓለም ጦርነት በአገልግሎት ላይ ለሞቱ ሴቶች መታሰቢያ ሆኖ ተከፈተ። ካቴድራሉ ዛሬ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ነው። በግፍ የተገፈፈው እርሳስ በሌሎች ክርስቲያን ወንድሞች እጅ ዳግመኛ ብርሃን የሚያስገባ መስኮት ያዘ። ከዚህ የተሻለ የዕርቅ ምሳሌ ማግኘት ይከብደኛል።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

በየቁምስናችን አሮጌ ጸሎት ቤት፣ የተተወ የሚስዮን ቤት፣ ስም የጠፋበት መቃብር አይጠፋም። አዲስ ሲሠራ አሮጌው ምን ይሁን የሚለው ጥያቄም በየጊዜው ይነሣል። ስለዚህ ከስሕተቴ የተማርኩትን እንደ ሕግ ሳይሆን እንደ ወንድማዊ ምክር ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ እጃችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ። ማን ሠራው? ማን ተሸከመው? በውስጡ ማን ተጠመቀ፣ ማን ተቀበረ? ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ይህን ጻፉ። የሞቱትን መጠየቅ የሚቻለው በዚህ መንገድ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ውሳኔው የአንድ ካህን ወይም የአንድ ኮሚቴ ብቻ አይሁን። የጳጳሱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሕንፃው ያረጀና ታሪክ ያለው ከሆነ የመንግሥት የቅርስ ባለሥልጣንም ሊያውቀው ይገባል። በ2018 ዓ.ም. በሮም ለአምልኮ የማይውሉ አብያተ ክርስቲያናትን ጉዳይ የተመለከተ ጉባኤ መደረጉ ጥያቄው የእኛ ብቻ አለመሆኑን ያሳያል።

ሦስተኛ፣ የድኻው ጉዳይ ሲመጣ አትሽሹ። ድንጋዩ ለክፍል፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለአረጋውያን መጠለያ የሚያስፈልግ ከሆነ በግልጥ ተወያይታችሁ፣ በጸሎት አንሥታችሁ፣ ከየት እንደ መጣ የሚናገር ምልክት አኑራችሁበት ውሰዱት። እንዲህ ከሆነ ስጦታው ከዓላማው አይወጣም።

አራተኛ፣ ልጆችን ወደ አሮጌው ግድግዳ ውሰዷቸው። እምነት ከእነርሱ በፊት እንደ ነበረ፣ በብዙዎች ጀርባ ተሸክሞ እንደ ደረሰላቸው በዓይናቸው ያዩታል። ስለ በደላችንም ሳትሸፍኑ ንገሯቸው።

ወደ መጀመሪያው ታሪኬ ልመለስ። በዚያ ቀን ሥራው እንዲቆም አደረግሁ። የተነቀለው ድንጋይ ግን አስቀድሞ በመሠረቱ ተቀብሮ ነበርና ሊመለስ አልቻለም፤ ዛሬም እዚያው ነው። የቀረውን አንድ ግድግዳ ምእመናኑ በጭቃ አያይዘው፣ ከላዩ ትንሽ ክዳን አደረጉበት። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በምእመናን ፊት ይቅርታ ጠየቅሁ። እኚያ እናት ከፊት ተቀምጠው ነበር። ሕዝቡ ሲወጣ ወደ እኔ ቀርበው፣ «አባ፣ ድንጋዩስ ይቅር፤ ግን የእናቴን ስም ይጻፉልኝ» አሉኝ። ጻፍኩላቸው። ከዚያ በኋላ ሌሎችም እየመጡ የእናቶቻቸውንና የአባቶቻቸውን ስም አስመዘገቡ። ያ መዝገብ በቁምስናዋ ሣጥን ውስጥ ከጥምቀት መዝገቡ አጠገብ ተቀምጧል። ድንጋዮቹ አንድ ቀን መውደቃቸው አይቀርም። ስሞቹ ግን በየዓመቱ በሙታን መታሰቢያ ቀን በቅዳሴ ይነበባሉ።

ሕንፃን ሁሉ የሚያጸናው የማዕዘኑ ራስ ድንጋይ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የተቀበልነውን አደራ በእውነትና በፍቅር የምንጠብቅበትን ልብ ይስጠን። አሜን።